ልብሱ ውስጥ ያለው ሰውዬ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ማለዳ በግቢያችን በር ሲያልፍ «አቶ ዘውዴ ስላረፉ…» ብሎ ተጣራ። እኔ ጎፋ ወዳለው ጉሊቴ ልወጣ ቃሪያ በጆንያ እየከተትኩ ነበር። «ነፍስ ይማር፣ የማን አባት ይሆኑ?» አልኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። አቶ ዘውዴ የሚባል ሰው አላውቅማ! በኋላ ነው አከራያችን እትዬ በለጡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከቤታቸው የወጡት።

«አንቺ ምን ትከቻለሽ! ጉብታችን እኮ ነው!»

ጆንያው ከእጄ ወደቀ። ቃሪያው ግቢውን ሞላው።

ጋሽ ጉብታ ነበር የምንላቸው፣ ልጆቹም እኛም። ስማቸው ዘውዴ መሆኑን፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከአንድ ቧንቧ እየቀዳን ይህን ሁሉ ዓመት ኖረን፣ ያወቅሁት በሞታቸው ነው። ቅጽል ስሙን ስድብ እንዳታደርጉት። ጉብታ እሳቸው ከነፍሳቸው የሚወዱት የጃፓን ፊልም አውሬ ነው። ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ናቸው፤ በኋላ ስሙ ዞሮ መጥቶ እሳቸው ላይ ተለጠፈ።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ እኚህ ሰው ምን እንዳደረጉልኝ አይገባችሁም። ቀለበት መንገድ ለመሻገር ሌላ ተሻጋሪ እስኪመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ። ውሻ ሲጮህ መንገድ እቀይራለሁ። ቢሮ ገብቼ ወረቀት ፊት ስቀመጥ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኳት ያቺ ትንሽ ትምህርቴም ጥላኝ ትሄዳለች። ልጄ ሶስና መውደቅ ከጀመረች ወዲህ ደግሞ በየቦታው ተበትኖ የነበረው ፍርሃቴ ሁሉ ተሰብስቦ እሷ ላይ አረፈ። የእሷን ነገር እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ከሰውየው ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ልንገራችሁ።

ከሆሳዕና መጥተን ነፋስ ስልክ እትዬ በለጡ ግቢ ውስጥ አንዷን ክፍል የተከራየን ሰሞን ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፤ ሥራ ያለበት አገር ነው የሚከርመው። ሶስና ያኔ ገና ድክ ድክ ትላለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው በኩል ጩኸት መጣ። የበሬም አይደለም፣ የጅብም አይደለም፤ ብረት ድንጋይ ላይ ሲጎተት ዓይነት ነው። ከዚያ ሰው ይጮሃል። ከዚያ ቤት ይፈርሳል። ቡም! ቡም! ልጄን አቀፍኩና «በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!» እያልኩ ግድግዳውን መገሠጽ ጀመርኩ። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጸሎቴ የሠራ መስሎኝ ተደሰትኩ።

ወዲያው በሬ ተንኳኳ። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በላስቲክ ከጭንቅላታቸው ጋር ያሰሩ ሰውዬ ቆመዋል።

«የኔ እመቤት፣ አስደነገጥኩሽ መሰለኝ» አሉ። «ብትገሥጪው ጊዜ ቆሟል። ነይ፣ ሳይነሣ እዪው።»

«አይ፣ እኔ አልመጣም።»

«ነይ እንጂ። ያላዩት ነገር ነው ሰው ላይ የሚያድር።»

እትዬ በለጡ ከጓሮ ሰምተው ኖሮ «ሂጂ፣ አይበላሽም! እሱ እንኳን ሰው እንጀራውንም በግድ ነው የሚበላው!» ብለው ሳቁብኝ።

ሄድኩ፤ ግን ከደፉ አላለፍኩም። ያ ኋላው ያበጠ የድሮ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴክ፣ ስክሪኑ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ምስል። አንድ ግዙፍ ፍጥረት ነው። ጀርባው ኮረብታ ነው፣ ሣርና ዛፍ በቅሎበታል። እግሩ የዝሆን ይመስላል። ዓይኑ ግን የተከፋ ሰው ዓይን ነው። ጋሽ ጉብታ ስክሪኑን በጣታቸው ነኩ።

«ፊቱን ተዪው። አንገቱን እዪ።»

አየሁ። ከአገጩ ሥር ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ።

«ምንድን ነው?»

«መተንፈሻ ነዋ! ውስጡ ሰው አለ። ይኼ ልብስ ነው፤ ጎማ ነው፣ ከባድ ነው፣ ይሞቃል። አሁን እኔና አንቺ ስናወራ እዚያ ውስጥ ላብ በላብ ሆኗል፣ ምስኪን።»

«ሰውዬው?»

«ሰውዬው። ቤት ያለው፣ ልጆች ያሉት ሰውዬ።»

ከዚያ ቀን በፊት ለአውሬ አዝኜ አላውቅም ነበር።

ካሴቶቹን ያገኙበት መንገድ ራሱ ተረት ነው። በወጣትነታቸው፣ መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ቤት ዘበኛ ነበሩ። መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። አንዱ ፍሪጅ ወሰደ፣ አንዷ ሶፋ ወሰደች፣ ለእሳቸው አንድ ካርቶን ካሴት ደረሳቸው። «‘ለዘበኛው ዘንዶ ደረሰው’ ብሎ ሰፈሩ ሳቀብኝ» ይሉ ነበር። በዚያው ጎፋ ላይ ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። የህንድና የካራቴ ቀን አግዳሚው ይሞላል፤ የጃፓን አውሬ ቀን እሳቸውና አውሬው ብቻ ይፋጠጣሉ። ቪዲዮ ቤት የሚባል ነገር ሲጠፋ የህንዱንም የካራቴውንም ሸጡ፤ አውሬዎቹን ይዘው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ከሁሉ እነዚህን ለምን አስቀሩ?» ብዬ ጠይቄአቸዋለሁ።

«ታዋቂውን አውሬማ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ምን እጨምርለታለሁ? እነዚህን እኔ ካላየኋቸው ማን ያያቸዋል?»

ቅዳሜ ከሰዓት የግቢው ልጆች ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ። ፊልሞቹ ጃፓንኛ ብቻ ናቸው፤ ከሥራቸው የሚጻፍ ነገር የለም። ጋሽ ጉብታም ጃፓንኛ አይችሉም። ግን ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱካ ላይ ይቀመጡና የሁሉንም አፍ ሆነው ያወራሉ። ጄኔራሉ ስልኩን አንሥቶ ሲጮህ እሳቸው «ሄሎ! ሄሎ! እናንተ ጋ ውኃ መጥቷል ወይ? እኛ ጋ አውሬ ነው የመጣው!» ይላሉ። በሁሉም ፊልም ላይ ነጭ ገዋን የለበሰ፣ ማንም የማይሰማው አንድ ሽማግሌ አይጠፋም። እሱ አፉን ሲከፍት ልጆቹ ከእሳቸው ጋር በአንድ ድምፅ «ብያለሁ! እኔ ብያለሁ!» ይላሉ። እኔም እቤቴ ሆኜ ቃሪያ እየለቀምኩ «ብያለሁ» ስል ራሴን አገኘዋለሁ።

ሲቆጡ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ባለ አንድ ዓይን ቁራ የሚባል ፊልም አላቸው፤ ቁራው ከተማ ላይ ሲበር የተንጠለጠለበት ገመድ ይታያል። አንዷ ልጅ «ገመዱ! ገመዱ ታየ!» ብላ ተንከተከተች። ጋሽ ጉብታ ዴኩን አቆሙት።

«ገመዱን ያየሽው ልትስቂ ከሆነ ጫማሽን አድርጊ። ያየሽው ልታደንቂ ከሆነ ተቀመጪ። እዚያ ጣሪያ ላይ ያንን ገመድ የያዘ ሰው አለ። ክንዱ ዝሏል። ግን ቁራው አልወደቀም፤ ወድቋል?»

«አልወደቀም» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው።»

ደግሞ የካልሲው ነገር አለ። ጉብታው በሚባለው ፊልም ላይ አውሬው እግሩን አንሥቶ አንዲት ትንሽ ቤት ሊረግጥ ሲል ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያቆሙታል። «ሰገነቱን እዩ» ይላሉ። የጥፍር ያህል የሆነ ሸሚዝ ተሰጥቷል። ከጎኑ ከዚያ ያነሰች ካልሲ። «ይህች ቤት አሁን ትረገጣለች። የሠራትም ሰው እንደምትረገጥ ያውቃል። ታዲያ ካልሲ ለምን አሰጣላት?» ልጆቹ ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ። «ሰው የሚኖርባት እንድትመስል ነዋ! ለምትረገጥ ቤት ካልሲ የሚያሰጣ ሰው፣ እሱ ሰው ነው።» ይህን ለባለቤቴ በስልክ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው» አለኝ።

አሁን ጉብታውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የዞረው እሱ ላይ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሰዎች አንድ ጉብታ ላይ ተቀምጠው ምሳ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ልጆች ይንከባለሉበታል። ጉብታው ግን ተኝቶ የኖረ አውሬ ነው። ማሽን አምጥተው ሲቆፍሩት ይነቃል፣ ይነሣል፣ ከተማውን ያልፋል፣ ወደ ባሕር ያመራል። ባሕሩ ዳር ታንክና መድፍ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ልክ እዚያ ሲደርስ ስክሪኑ ጭረት በጭረት ይሆናል፤ ከዚያ መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ይመጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ በቬሎ ውስጥ እትዬ በለጡ ይወርዳሉ።

አዎ፣ የእኛው እትዬ በለጡ! ቀጭን፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየሳቀ። ሰርጋቸው ዕለት ቪዲዮ ቀራጩ ካሴት አለቀብኝ ብሎ ግቢው ሲታመስ፣ ጋሽ ጉብታ ቤታቸው ሮጠው ገብተው ባዶ ነው ያሉትን አንሥተው ሰጡ። ባዶ አልነበረም። ከጥድፊያው የተነሣ መሐል ላይ የቆመውን ጉብታውን ነው ያነሡት፤ ቀራጩም ከቆመበት ቀጠለበት። የአውሬው መጨረሻ በዚያው ጠፋ። እትዬ በለጡ ደግሞ ባላቸው ቶሎ ሞቱባቸው፤ ከሰርጋቸው የቀረው ያ ካሴት ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል በሩን ገፋ ያደርጋሉ።

«አውሬህ አልጨረሰም? የኔን ሰርግ አሳየኝ እንጂ!»

«ታንኩ ጋ ደርሷል፣ በለጡ፤ ተቀመጪ።»

ትናንሾቹ ልጆች ጉብታው ወደ እትዬ በለጡ ሰርግ እየሄደ ነው የሚመስላቸው። ትልልቆቹ ግን «ጋሼ፣ ባሕሩ ጋ ምን ሆነ?» ይላሉ። እሳቸውም በየቅዳሜው አዲስ መጨረሻ ያመጣሉ። አንዴ ባሕሩን ጠጥቶ አቋረጠው። አንዴ ሚስቱ ከማዶ ጠራችው። አንዴ ጄኔራሉ «በቃ ተዉት፣ ደክሞታል» አለ። አንድም ቅዳሜ ግን አልሞተም።

ሶስና አራተኛ ክፍል ሆና ነው መውደቅ የጀመረችው። መጀመሪያ ቧንቧው ጋ። ባልዲው ከእጇ ወጣ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። እኔ ጮህኩ፤ ከመጮህ በቀር ያደረግኩት ነገር የለም። ከዚያ ትምህርት ቤት ወደቀች። ከዚያ ደጋገመ። ወሬውም ወዲያው መጣ፤ «ያ አውሬ ነው የገባባት። ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ስታይ እንደምትውል አታውቁም?» ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምትዘምር እህት እንኳን በጆሮዬ «ከዚያ ቤት አስቀሪያት» አለችኝ። ፓስተራችንን ጠየቅኩት። «እኛ እንጸልያለን፤ አንቺ ሐኪም ቤት ውሰጃት። ሁለቱ አይጣሉም» አለኝ። ልቤ ግን አላረፈም። ጋሽ ጉብታ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ። እውነት ከፊልሙ ይሆን?»

አልተቆጡም። ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈኑት።

«ልጅቷ እስኪሻላት አይከፈትም። ግን የሶስና እናት፣ እኔ ዕድሜዬን አውሬ ሳይ ነው የኖርኩት። ይኼ አውሬ አይደለም። ሕመም ነው። የሚያውቀው ሰው ይያት።»

ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ካልታየ የሚሰጣትን መድኃኒት በትክክል ማወቅ እንደማይችል ነገረኝ። ኤም አር አይ የሚባል ማሽን ውስጥ ገብታ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት። ወረፋ ጠበቅን፣ ቀናችን ደረሰ፣ ሄድን። ማሽኑን ስታይ ሶስና ቆመች። ትልቅ ነጭ ነገር ነው፣ መሐሉ ክብ ጉድጓድ፤ ሰውን በጭንቅላቱ በኩል ነው የሚውጠው። ከዚያ መጮህ ጀመረ። እሷም ጮኸች። እኔ? እኔ ከእሷ በፊት ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ሳላውቀው እግሬ ይዞኝ ወጥቷል። «ማዘር፣ እርስዎ ከሮጡማ እሷ እንዴት ትተኛ?» አለኝ ባለሙያው። «አስተኝቶ ማንሣት ይቻላል፤ ግን የእሱ ወረፋ ሌላ ነው፣ ሩቅ ነው። እስቲ አለማምደው ያምጧት፣ አንድ ቀን ልፈልግልዎት።»

እንዴት ነው የማለማምዳት? እኔን ማን ያለማምደኝ?

ጋሽ ጉብታ ያኔ ትንፋሻቸው ማጠር ጀምሯል። ከአልጋ ወደ ዱካ፣ ከዱካ ወደ በር ሲሄዱ መሐሉ ላይ ያርፋሉ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ቀና አሉ።

«ድምፁ እንዴት ነው ያልሽኝ?»

«ቡም ቡም ይላል። ከዚያ ትርርር ይላል። ከዚያ ደግሞ እንደ መጋዝ።»

«እሷስ ውስጥ ናት?»

«ውስጥ ናት።»

«ሳትነቃነቅ?»

«ሳትነቃነቅ።»

«እንዴ! ይኼማ ጉብታው ነው!»

በማግስቱ እትዬ በለጡ የአዲሱን ፍሪጃቸውን ካርቶን ከጓሮ አወጡ። ግቢው መሐል አጋደሙት፣ ሁለት ጫፉን ቀደዱት፣ ውስጡ ፍራሽ አነጠፉ። ጋሽ ጉብታ ዱካቸው ላይ ሆነው አዘዙ። ልጆቹ ሁሉ ሳፋና ድስት ይዘው ዙሪያውን ቆሙ።

«ሶስና፣ ፊልሙ ሲጀምር ሰዎች ጉብታው ላይ ምሳ ይበላሉ አይደል? ያኔ ሰውዬው የት ነው?»

«ውስጥ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይተኛል።»

«ከተነቃነቀስ?»

«ሻዩ ይደፋል!» አለችና ሳቀች። ከወደቀችበት ጊዜ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

«ስለዚህ አይነቃነቅም። ይሞቀዋል፣ ጆሮው ላይ ይደበድቡበታል፣ አይነቃነቅም። ምን እያሰበ እንደሚተኛ ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«ምሳውን።»

ገባች። ልጆቹ ሳፋውን ቀጠቀጡት። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እትዬ በለጡ ከሁሉ በላይ ቀጠቀጡ፤ የሆነ ንዴት ያወጡ ይመስሉ ነበር። ሶስና መጀመሪያ ቀን ወዲያው ወጣች። በሚቀጥለው ቆየች። ከዚያ ውስጥ ሆና እንቅልፍ ወሰዳት።

ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ግን ሌላ ነገር መጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ተከራያችን መሲ ጉብታውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ሙሉውን በስልኳ ይዛው መጣች። ለደግ ብላ ነው። ጋሽ ጉብታ ያጡትን መጨረሻ ሊያዩ ነው! መነጽራቸውን ጠረጉ። ሶስና አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ባሕሩ ጋ ሲደርስ መድፉ ተተኮሰ። ጉብታው ቆመ። እንደገና ተተኮሰ። ጀርባው ላይ ያሉት ዛፎች ተቃጠሉ። ዞሮ ወደ መጣበት አንድ ጊዜ አየና ውኃው ውስጥ ወደቀ። አልተነሣም። አለቀ።

ሶስና ከስልኩ ላይ ዓይኗን አነሣች።

«ጋሼ፣ ሞተ?»

መሲ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ሌላ መጨረሻ አውጣላቸው» እላለሁ። ለማውጣትማ ማን ይቀድማቸዋል? ጋሽ ጉብታ ግን ትንፋሻቸውን ፈለጉ፣ አገኙት።

«አዎ፣ ሞተ። እኔም አሁን ነው ያወቅሁት።»

ልጄ ፊቷ ጭምድድ አለ። «እኔም እዚያ ውስጥ…»

«ስሚኝ፣ አልጨረስኩም። አውሬው ነው የሞተው። ሰውዬው አልሞተም። ካሜራው ሲጠፋ ሰውዬው ይወጣል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ምሳውን ይበላል፣ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ሁልጊዜ። አንድ ነገር ብቻ አለ። ዚፑ ከኋላ ነው። ራሱ መክፈት አይችልም፤ ሰው ቆሞ መጠበቅ አለበት።»

ከዚያ አንገታቸውን አዙረው እኔን አዩኝ።

«የሶስና እናት፣ ዚፑ ያንቺ ነው።»

በማግስቱ ሄድን። «ማዘር፣ ብረት ነክ ነገር ሁሉ ይውጣ» አለኝ ያው ባለሙያ። ቀለበቴን አወለቅኩ፣ የፀጉሬን መያዣ አወጣሁ። ሶስናን አጋደሟት። ፊቷ ላይ እንደ ወንፊት ያለ ነጭ ጭምብል አደረጉላት።

«እማ» አለችኝ ከውስጡ፣ «ልብሱን አለበሱኝ።»

«እርስዎ ውጭ መጠበቅ ይችላሉ» አለኝ ሰውየው። ኮሪደሩን አየሁት። እግሬም አየው። ደግ ኮሪደር ነበር፣ ወንበር ያለው፣ ፀሐይ የገባበት።

«እዚሁ እቆማለሁ» አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ አላውቅም።

ጉድጓዱ ዋጣት፤ ለእኔ የቀረችልኝ እግሯ ናት። አውራ ጣቷን በካልሲዋ ላይ ያዝኩ። ማሽኑ ጀመረ። ቡም፣ ቡም። ጆሮዬ ላይ ያደረጉልኝ ነገር ምንም አላደረገልኝም። ግድግዳው የሚፈርስ መሰለኝ። በማሽኑ ጠርዝ ተደገፍኩ። ለመጸለይ አፌን ስከፍት የመጣልኝ «ዚፑ ከኋላ ነው፣ ዚፑ ከኋላ ነው» የሚለው ብቻ ነው። ጌታ ያንን ለጸሎት ቆጥሮልኛል ብዬ አምናለሁ። የሶስና ጣት አልተነቃነቀችም። አንዴ ብቻ፣ ጩኸቱ ሲቀያየር ጋብ ባለበት፣ ጠቅ አደረገችኝ፤ አለሁ እንደማለት።

አልጋው ወጣ። ባለሙያው ጭምብሉን ሊያነሣ ሲመጣ «እኔ ላንሣው?» አልኩት። እንዴት እንደሚከፈት አሳየኝ፤ ቀጭ አደረግኩት። ከሥሩ የልጄ ፊት ላብ በላብ ሆኖ ወጣ።

«ምሳ የታለ?» አለችኝ።

ምስሉ ላይ የታየው ትንሽ ጠባሳ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት መረጠላት። ጨርሳ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ትወድቃለች። ግን ምን እንደሆነ እናውቃለን። የግቢው ልጆችም በጎኗ ማስተኛቱን ተምረዋል። እኔም መጮህ ትቻለሁ፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እስክትወጣ እጠብቃለሁ።

ለጋሽ ጉብታ ስንነግራቸው አልጋ ላይ ነበሩ። ሶስና የማሽኑን ድምፅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአፏ አሰማቻቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «የእኛ ሳፋ ይበልጣል» አሉ። ብዙም ሳይቆይ የእህታቸው ልጅ ሊያስታምማቸው ወደ ፉሪ ወሰዳቸው። መኪና ውስጥ ሲገቡ ያ ወፍራም ካፖርታቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ ትንፋሽ ነሥቷቸው ነበር። እጃቸው አልታዘዝ ሲላቸው የላይኛውን ቁልፍ እኔ ከፈትኩላቸው። ፈገግ አሉ።

ከቀብራቸው በኋላ በዋለው ቅዳሜ እትዬ በለጡ ዴኩንና ቴሌቪዥኑን ሳሎናቸው አስቀመጡ። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ጉብታው ተከፈተ። ጃፓኖቹ ያወራሉ፤ የሚመልስ የለም። ዱካው ባዶ ነው። እንዲህ ጸጥ ብሎ ፊልም ሲታይ አይቼ አላውቅም። ጄኔራሉ ስልኩን አነሣ፣ ጮኸ። እንደገና ጮኸ።

«ሄሎ! ሄሎ!» የሚል ድምፅ ከመሐል ወጣ። «እናንተ ጋ ውኃ መጥቷል ወይ?»

ሶስና ናት። ልጆቹ ፈነዱ። ተነሥታ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ካልሲውንም አልዘለለችው፣ ሽማግሌውንም አልረሳችው። ጉብታው ከተማውን አለፈ። ባሕሩ ታየ። ታንኮቹ ታዩ። ስክሪኑ ጭረት በጭረት ሆነ። ከዚያ ጭረት ሥር ያለውን እኔም እሷም መሲም እናውቃለን። ወደ ሶስና ዞርኩ።

«ጉብታው ሞተ» አለች ሶስና።

አንዷ ትንሽ ልጅ አፏን ለለቅሶ ከፈተች።

«ቆይ፣ አታልቅሺ። ሰውዬው አልሞተም። ውጭ የሚጠብቀው ሰው ዚፑን ከፈተለት። ላቡን ጠረገ። ከዚያ…»

መኪናው ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ ቬሎው ወረደ።

«ከዚያ ሰርግ ተጠርቶ ነበር፤ ሄደ።»

እትዬ በለጡ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ፤ እዚያ ውስጥ ከምትስቀው ሙሽራ ኋላ የቆሙትን እንግዶች አንድ በአንድ አዩ።

«ይግባ» አሉ። «ግባ በሉት፣ ቦታ አለ።»